ቀስ ብላ የምታወራው ሴት

ሽማግሌው የተገኙት ኮምፒውተራቸው ካለበት ጠረጴዛ ሥር፣ በፊታቸው ተደፍተው ነው። መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ወንበራቸው አልወደቀም። ስክሪኑ ጠፍቷል። አጠገባቸው ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን አሁንም ይነድዳል።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ አየችው። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ደገመችው። ልማዷ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለአንድ የስርቆት ጉዳይ የደህንነት ካሜራ ቅጂ ስታይ ስለከረመች ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራታል።

"ተደናቅፈው ቢሆንስ?" አለ ሳጅኑ ከኋላዋ።

"ቁስሉ ማጅራታቸው ላይ ነው። የወደቁት በፊታቸው። ወለል ከኋላ አይማታም።"

ከበሩ ጀርባ ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ እግሮች አቧራ ለብሰዋል። ሦስተኛው ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ጎንበስ ብላ አየችው እንጂ አልነካችውም።

"ይሄ ተጠቅልሎ ላቦራቶሪ ይሂድ። ኮምፒውተሩም ታሽጎ ይምጣ።"

የሬሳ መርማሪው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ቀና አለ። "ሰዓት እንዳትጠይቂኝ። ይሄ ማሞቂያ ሁሉንም ነገር አበላሽቶብኛል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በላይ አታስምዪኝ።"

ሬሳውን ያገኘችው ሴት ልጃቸው ናት። ነርስ ነች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ከሥራ ስትመጣ፣ ከጓሮ ባለው ክፍል የሚኖረውን የአክስቷን ልጅ በር ላይ አገኘችው፤ በሩን ከፍተው አብረው ገቡ።

"ከዚያስ?"

"ስልኬ እጄ ላይ እያለ ጎረቤት ሮጥኩ። የሰው ያለህ ልል። ስንቱን ሬሳ ስገንዝ ኖሬ የአባቴን ሳይ እንዲህ ሆንኩ።"

"የአክስትሽ ልጅስ?"

"አባዬ ጋ ቀረ።"

በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፍ ያላቸው ሟቹ፣ እሷና የአክስቷ ልጅ ናቸው። አናጢ የሆነው ታናሽ ወንድሟም ነበረው። ከአባቱ ጋር የተጣላ ዕለት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ እንደወጣ ይናገራል። ሲወረውር ያየ ሰው ግን የለም።

*

ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ልብስ ሰፊ ነች። የስፌት መኪናዋ የተጠጋው የሟቹ ኮምፒውተር በተጠጋበት ግድግዳ በወዲህ በኩል ነው።

"ዛሬ ምን ሰሙ፣ እትዬ?"

"የዘወትሩን ነዋ። ጋሼ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚከፍቱት። ከሰዓት ከሰዓት ሚስታቸውን ይሰማሉ፤ እኔም በእሳቸው ሰበብ እሰማለሁ። ነፍሷን ይማርና፣ ቤቱን ቀለም ሲቀቡ የተቀረጸ ነው። 'አንተ ሰውዬ፣ ካሜራህን ተውና ብሩሽ ያዝ' ትላቸዋለች። በቃሌ ነው የማውቀው።"

"ዛሬስ መቼ ጀመሩ?"

"ዘገዩ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ምን ነካቸው ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር።"

"የእሳቸውን ድምፅ ሰምተዋል?"

"እሳቸውማ እሷን ሲያዩ ትንፍሽ አይሉም። የእሷን ነው የሰማሁት። ዛሬማ ደስ ብሏት ነበር።"

"ማን?"

"ሚስቲቱ ናታ። ፈጠን ፈጠን፣ ሳቅ ሳቅ እያለች፣ ልክ እንደ ልጅነቷ። ቶሎም አለቀብኝ።"

ኢንስፔክተሯ ሰዓቱን ጻፈች። ደስታውን አልጻፈችውም። ጎረቤት የሞተባት ሴት ብዙ ነገር ትላለች።

"ከዚያስ ምን ሰሙ?"

"ከዚያማ ታናሹ መጣ። በሩን እየደበደበ፣ 'እስከ መቼ ነው የምታኮርፈኝ አባዬ፣ ክፈት እንጂ' ይላል። ቆይቶ ዝም አለ። ይግባ ይሂድ፣ ዓይኔ አላየም። ልጁን ልወነጅለው አይደለም ደግሞ። በእጄ ሱሪ ያሳጠርኩለት ልጅ ነው።"

*

አናጢው የምርመራ ክፍሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። የቀኝ እጁ አንጓዎች ተልጠዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"በሩ ነው። ስደበድብ።"

"መዶሻ ይዞ የሚውል ሰው በር ሲያንኳኳ እጁ ይላጣል?"

"ሲናደድ ይላጣል።"

ጠባቸው በቤቱ ነው። አባቱ ብቻቸውን መኖራቸውን ትተው እሱ ጋ እንዲገቡ ይፈልጋል። ሽማግሌው ደግሞ ሚስቴ ቀለም የቀባችውን ግድግዳ ትቼ የትም አልሄድም ብለዋል። ቃል ቃልን ወለደና አንድ ወር ሙሉ ተኮራረፉ።

"ሚስቴ መውለጃዋ ደርሷል" አለ። "አያት ልትሆን ነው ልለው ነው የሄድኩት። እልኩን ልተወው ብዬ። ሳይከፍትልኝ ሲቀር መስኮቱ ሥር ትንሽ ቆምኩና ሄድኩ።"

"ማን አየህ?"

"ማንም። ማን እንዲያየኝ ብዬ ነው የሄድኩት?"

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኑ ጣቶቹን አጠፈ። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰውዬው ቪዲዮ ያያሉ። ከዚያ ልጁ ይመጣል። ከዚያ ሬሳ ነው። ምን ቀረ?"

"ጠዋት የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ቀረ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ የጭቃ ጫማ አለ።"

ቧንቧ ሠራተኛው ከሰዓቱን ሙሉ ሌላ ሰፈር፣ አንድ ማጠቢያ ሥር ተጋድሞ ነው የዋለው። የቤቱ እመቤት ለምስክርነት ሳትጠየቅ መጣች። "ከዓይኔ አልራቀም" አለች። "ለመብላት እንኳ አላስወጣሁትም። ውሃው ግን አሁንም ያንጠባጥባል፤ እሱን ጻፉልኝ።"

*

በጓሮው ክፍል የሚኖረው የሟቹ የእህት ልጅ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው። ደንበኞቹ "ዶክተር" ይሉታል። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች መደርደሪያውን ሞልተውታል። ዶክተር እያወራ የቁልፍ መያዣውን በጣቱ ያሽከረክራል። ከቁልፎቹ ጋር ትንሽ ጥቁር ፍላሽ ተንጠልጥላለች።

"ምሳ በልቼ ስወጣ አጎቴ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፉ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እዚህ ገባሁ። ከዚያ እስክዘጋ ድረስ ከዚች በርጩማ አልተነሳሁም። ካሜራው አለ፣ ውሰዱት።"

ኢንስፔክተሯ ቅጂውን ወሰደች። ቢሮዋ ተቀምጣ በአራት እጥፍ ፍጥነት አየችው፤ በሌላ ዓይነት ዓይኗ አይችልም። ደንበኞች እንደ ጉንዳን ገቡ፣ ወጡ። ዶክተር እንዳለው ከበርጩማው አልተነሳም። አሥራ አንድ ሰዓትም እዚያው ነበር። ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ጨምራ መዝገቡን ዘጋች።

*

ከቀብር በኋላ ነርሷ ቢሮ መጣች። አልተቀመጠችም።

"አባቴን ቀብሬ መጣሁ። የታሰረ ወንድሜን ደግሞ በቁሙ ልቅበረው?"

"ሌላ ሰው ካለ ንገሪኝ።"

"እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ወንድሜ እንደማይዋሽ ነው የማውቀው። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ከልጅነቱ ጀምሮ።" ዓይኗ ጥግ ላይ ታሽጎ ወደተቀመጠው ኮምፒውተር ሄደ። "የእናቴን ቪዲዮ ገልብጬ ልውሰድ? እሱ ላይ ብቻ ነው ያለው።"

አሻራ ተነስቶ፣ የዲስኩም ቅጂ ተወስዶ አልቋል። ኢንስፔክተሯ ማሸጊያውን ቀደደችና ሰካችው። ነርሷ የቪዲዮ ማጫወቻውን ከፈተች። እጇ ማውሱ ላይ ቆመ።

"ይሄ የአባዬ አይደለም።"

"ኮምፒውተሩ?"

"ማጫወቻው። ይዩት፣ ባዶ ነው። አባዬ ፎልደር መክፈት አያውቅም። 'በቅርብ የታዩ' የሚለውን ከፍቶ መጀመሪያ ያለውን ይጫናል፤ አለቀ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያስለመድኩት። አሁን ዝርዝሩ ውስጥ ምንም የለም። በዚህማ እናቴን ሲፈልጋት ቢውል አያገኛትም።"

ወደ ማስተካከያው ገባች። አንዱን ገጽ ከፈተች፣ ዘጋች፤ ሌላውን ከፈተች።

"ብርሃኑን ሞራ ላለበት ዓይኑ ብዬ እስከ ጫፍ ጨምሬለት ነበር። አሁን መሃል ላይ ነው። ፍጥነቱ..." ቆም አለች። "ከታመመ በኋላ ሰው ሲያወራ ቃላቱ ይሮጡበት ነበር። እናቴ ደግሞ አፏ ፈጣን ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ቀነስኩለት፤ ሲዘጋና ሲከፍት እንዳይጠፋ አድርጌም አስቀመጥኩለት። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያያት። ማነው ወደ ድሮው የመለሰው?"

"እስኪ ክፈቺው።"

ቀለም የነካው ሻሽ ያሰረች ሴት ስክሪኑ ላይ መጣች፤ አንገቷ ላይ የወርቅ ሐብል አለ። ቀልጠፍ ባለ ድምፅ፣ ሳቅ እያፈናት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ካሜራህን ተውና ብሩሽ ያዝ" አለች።

"ይህን ሐብል ለወንድሜ ሚስት ስትወልድ ልሰጣት ፈልጌ መሳቢያው ውስጥ አጣሁት" አለች ነርሷ ለራሷ ያህል።

ኢንስፔክተሯ ግን ሐብሉን አላየችም። ሳትጽፈው የቀረችውን ቃል ነበር የምትሰማው። ደስ ብሏት ነበር። ፈጠን ፈጠን እያለች።

*

በማግስቱ ሳጅኑ ኮምፒውተሩን ወደ ቦታው መልሶ በሟቹ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ ከግድግዳው ወዲህ፣ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ነርሷ እንዳስተካከለችው፣ በቀስታው አጫወተ። የሴትየዋ ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ተጎትቶ፣ እያንዳንዱን ቃል እያሳረፈ መጣ።

"ይቺ የዘወትሯ ናት" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ቀስ ብላ የምታወራዋ።"

ሁለተኛ፣ ምንም ሳይነካ በተቀረጸበት ፍጥነት።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ከመኪናዋ ላይ አነሳች። "የዚያን ቀኗ ይቺ ናት።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ደስ ብሏት ነበር አላልኩሽም? አልሰማሽኝም።"

"አልሰማሁዎትም" አለች ኢንስፔክተሯ።

"እና ማን ነው የከፈተው? ጋሼ አይደሉም?"

"እሳቸው አይመስለኝም። ያኔ ሳይሞቱ አልቀሩም።"

ልብስ ሰፊዋ የጣቷን መከለያ አውልቃ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። "ለሬሳ ነዋ ስታወራ የነበረው" አለች ቀስ ብላ።

*

"ልጁስ ከፍቶት ቢሆን?" አለ ሳጅኑ መኪና ውስጥ። "ገድሎ ሲያበቃ..."

"ለምን ብሎ? ቪዲዮው የጠቀመው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ላልነበረ ሰው ነው። ልጁን ግን እዚያው በር ላይ አቆመው።"

"እዚያ የሌለ ሰው እንዴት ይከፍተዋል?"

"አንተ ንገረኝ። ቢሮ ውስጥ ተደብቆ ኳስ የሚያይ አንተ ነህ።"

ሳጅኑ ጆሮውን አከከ፤ ክሱን አልካደም። ጥቂት አሰበ። "ቀላል ነው። ድምፅ የሌለው ረጅም ቪዲዮ ያስቀድማሉ። ካሜራውን በጨርቅ ሸፍነው ድምፁን አጥፍተው የቀረጹት ቢሆንም ይሆናል። የሴትየዋን ከኋላው ያስከትላሉ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ማጫወቻው ራሱ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ያኔ ባለቤቱ የትም መሆን ይችላል።"

"በኋላ ግን ተመልሶ ዱካውን ማጥፋት አለበት።"

"አዎ። ልጅቷ ጎረቤት ስትሮጥ ሬሳው ጋ የቀረው..."

ቢሮ ሲመለሱ ኢንስፔክተሯ የሱቁን ቅጂ እንደገና ከፈተች። አሁን አላሯሯጠችውም። ዓይኗ እያለቀሰ፣ ከሰዓቱን ሙሉ በራሱ ፍጥነት አየችው። ደንበኞቹ ጉንዳን መሆናቸው ቀርቶ ሰው ሆኑ። ዶክተርም ሰው ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ የያዘውን ብሎን መፍቻ አስቀመጠ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ቆይቶ በረጅሙ ተነፈሰና መፍቻውን አነሳ። በአራት እጥፍ ፍጥነት ይህ ሁሉ አንድ የዓይን ጥቅሻ ነበር።

*

ሱቁ ሲደርሱ አንድ ሹፌር ላፕቶፑን ይዞ ቆሟል።

"ዶክተሬ፣ ልጆቼ ምን እንደነካኩት አላውቅም፣ ቪዲዮው እንደ ሰካራም እየተንቀረፈፈ ያወራል።"

ዶክተር ለኢንስፔክተሯ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። ጣቶቹ ግን ዓይኑ ሳይከተላቸው ሥራቸውን ጨረሱ፤ ማጫወቻውን ወደ መጀመሪያ አመሉ መለሱት፣ 'በቅርብ የታዩ' የሚለውን ባዶ አደረጉት፣ ክዳኑን አጠፉት።

"ዝርዝሩን ለምን አጠፋኸው?" አለች።

"ለደንበኛ ንጹህ አድርገን ነው የምንመልሰው።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ሹፌሩ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ደክሟታል፤ ድካሟን አልደበቀችም።

"አጎትህ ቪዲዮ ሲያዩ አብረሃቸው ተቀምጠህ ታውቃለህ?"

"ሥራ ይበዛብኛል።"

"ግቢያቸው ውስጥ ስትኖር አንድ ቀን እንኳ?"

"አንድ ሁለቴ በበር በኩል አይቼ ይሆናል።"

"ለዚህ ነው ያላወቅኸው። ሚስታቸው ቀስ ብላ ነበር የምታወራቸው። ልጃቸው ናት እንደዚያ ያስተካከለችላቸው። ያን ቀን ግን እንደ ልጅነቷ ፈጠን ብላ አወራች፤ ጎረቤታቸው በግድግዳ ሰምታታለች። አንተ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ መፍቻህን አስቀምጠህ ሰዓት ጠበቅህ። ፍላሿን አምጣት።"

የቁልፍ መያዣው መሽከርከሩን አቆመ።

"ያጠፋኸው ሁሉ እንደሚመለስ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ እንጀራህ ነው" አለ ሳጅኑ በሩን ተደግፎ።

ዶክተር ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ከዚያ ያወራው ለጠረጴዛው ነበር።

"የአጎቴን ሚስት ሐብል ሸጥኩት። አጎቴ ደረሱበት። እስከ ቅዳሜ ክፍሌን ልቀቅልኝ አሉኝ፤ አልጮሁም፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። ያ ብረት እጄ ላይ እንዴት እንደገባ አላውቅም።"

"እሺ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ማሞቂያውን አጠገባቸው አደረግሁ። ዝም ያለ አጭር ቪዲዮ በስልኬ ቀርጬ በፍላሽ አስገባሁ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሄድ ደጋግሜ ደረደርኩት። የሚስታቸውን ልሞክር ስከፍት ተጎትታ ታወራለች፤ ስክሪኑም ነጭ ሆኗል፣ ሰው አይለይም።" ቀና ብሎ አያት፤ ይህን ብቻ እንድትረዳው የሚለምን ይመስላል። "ተበላሽቶ መስሎኝ ነው ያስተካከልኩት።"

"አጎትህ ወለል ላይ ተኝተው?"

"እጄ ነው። እጄ የለመደውን አደረገ።"

"ታናሹ መታሰሩንስ ሰምተሃል?"

"እንደሚመጣ አላወቅሁም። ማንም ላይ ልጥለው አልነበረም፤ ከእኔ ላይ እንዲወርድ ብቻ ነው።"

"ሚስቱ መውለጃዋ እንደደረሰም ታውቅ ነበር" አለች ኢንስፔክተሯ። መልስ አልጠበቀችም።

*

ላቦራቶሪው ከፍላሿ ላይ የጠፋውን ጥቁር ቪዲዮ አወጣው። ከመቆሚያው ሦስተኛ እግር መጋጠሚያ ውስጥም ጨርቅ ያልደረሰበት ደም ተገኘ። አናጢው ከእስር ተፈታ።

ኢንስፔክተሯ ኮምፒውተሩን ራሷ ይዛ ሄደች። መላክ ትችል ነበር። እህትና ወንድም ያንን ክፍል እያጸዱ አገኘቻቸው። አናጢው መጥረጊያውን ትቶ ዕቃውን ተቀበላት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ገመዶቹን ሰካካ። ቂም ይኑረው አይኑረው ፊቱ አይናገርም።

"እናትና ልጅ ደህና ናቸው?" አለች።

"ሴት ናት። የተወለደችው እኔ እናንተ ጋ እያለሁ ነው።"

አንገቷን ደፋች።

አናጢው የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነርሷ ከትከሻው በላይ አጎንብሳ ቪዲዮውን ከፈተች። እናታቸው ከስክሪኑ ውስጥ ቀልጠፍ ብላ ማውራት ጀመረች።

"እንዲህ አይደለም" አለ። "አባዬ በሚያያት አድርጊልኝ። ቶሎ አትጨርሺብኝ።"

እህቱ ማስተካከያውን ከፈተች፣ ፍጥነቱን ቀነሰች፣ እንዳይጠፋ አድርጋ አስቀመጠችው። ብርሃኑንም እስከ ጫፍ ጨመረችው። እናታቸው በነጭ ብርሃን ውስጥ፣ ብሩሿን ከፍ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ቃል እያሳረፈች ማውራቷን ቀጠለች።

ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

ኢንስፔክተሯ በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋች።